ከቮልስዋገን የኋላ ወንበር የወጣ የፋብሪካ ወረቀት፦ ከድሬዳዋ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተነሣው በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከአባቷ የወረሰቻትን ቮልስዋገን ለመሸጥ የወሰነች አንዲት የከተማዋ ነዋሪ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገዥ ጋር በዋጋ ከተስማማች በኋላ ሽያጩ በሊብሬው ምክንያት ቆመ። ሊብሬው የመኪናዋን የሥሪት ዘመን 1959፣ የሞተሯን ይዘት 1300 ሲሲ ይላል፤ የሞተር ቁጥሩም በ1 ይጀምራል። አሮጌ ቮልሶችን ሲገዛና ሲያድስ የኖረው ገዥ ሦስቱ ነገሮች በአንድ መኪና ላይ ሊገኙ እንደማይችሉ ወዲያው አስተዋለ። በፈረንጆቹ 1959 ይህ መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው በ1200 ሲሲ ሞተር ነበር፤ 1300 ሲሲው የመጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1965 ነው፤ የ1300 ሞተር ቁጥር ደግሞ የሚጀምረው በላቲን ፊደል እንጂ በአኃዝ አይደለም። ስለዚህ መኪናዋ ከሁለት መኪና የተገጣጠመች ሳትሆን እንደማትቀር ተናግሮ የያዘውን ቀብድ ሳይከፍል ሄደ።

ሊብሬው ግን የመጀመሪያው ሊብሬ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ከተማዋን ሲመታ የቤተሰቡ ቤት ለወንዙ ቅርብ ስለነበር አሮጌው ሊብሬ፣ የአባትየው የግዢ ደረሰኝና ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ አብረው ጠፍተዋል። መኪናዋ በዚያን ጊዜ ለጥገና ከዚራ ቆማ ስለነበር ተረፈች። ምትኩ ሊብሬ የተዘጋጀው ከአንድ የኢንሹራንስ ውል ቅጂ፣ ከአባትየው ቃልና መኪናዋን በዓይን ካየ ሰው ማስታወሻ ተጠናቅሮ ነው። በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ እያንዳንዱ መስመር የየራሱ ምንጭ ስላለው አንዱ መስመር ትክክል መሆኑ ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

ወረቀቱ የተገኘው ሽያጩ ከቆመ በኋላ፣ የተቀደደው የኋላ መቀመጫ እንዲሰፋ ሲፈታ ነበር። በመቀመጫው ሽቦና በላዩ ባለው የኮኮናት ጭረት ፍራሽ መካከል፣ በአራት የታጠፈ ቀጭን ቢጫ ወረቀት ተገኘ። ይህ መኪና ባትሪውን የሚሸከመው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ሲሆን ወረቀቱ በግራ በኩል ቢሆንም የአሲዱ ጭስ አንዱን ጥግ በልቶታል። የተበላው ጥግ ቀኑ የተጻፈበት ቦታ መሆኑ አሳዝኗል፤ ከቀኑ የቀረው በመጨረሻ ያሉት ሁለት አኃዞች፣ 67፣ ብቻ ናቸው። የቀረው ጽሑፍ በጀርመንኛ የታተሙ አጫጭር ርእሶችና በታይፕ የተመቱ ቁጥሮች ሲሆን በአንድ ቦታ ብቻ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለበት። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ወረቀትን አያበሰብስም፤ ይልቁንም ስለሚያደርቀው እጥፋቱ ላይ ሊሰበር ደርሶ ነበር። መካኒኩ በፕላስቲክ ሊያስለብሰው አስቦ የነበረ ቢሆንም በሙቀት የሚጣበቅ ፕላስቲክ ከወረቀቱ ተመልሶ ስለማይላቀቅ ተከልክሎ፣ ወረቀቱ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል ተቀምጦ ፎቶግራፉ ብቻ ለሥራ ዋለ።

በጋራዡ ውስጥ ጀርመንኛ የሚያነብ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን መንገድ ያሳዩት ከምድር ባቡር ጥገና ክፍል ጡረታ የወጡ፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። መካኒኩ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይዩት፤ ፈረንሳይኛ ነው?» ብሎ ሲሰጣቸው ለጥቂት ጊዜ ተመልክተው «ፈረንሳይኛ አይደለም፤ ግን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ይህ ለባለቤት የተጻፈ አይደለም፤ ሠራተኛ ለሠራተኛ የላከው ነው» አሉት። በባቡር ጥገናውም ቤት ከፉርጎው ጋር ከአንድ የሥራ ክፍል ወደ ሌላው የሚተላለፍ ተመሳሳይ ወረቀት እንደነበረ አስረዱ። አስተያየታቸው ትክክል ነበር፤ ለንባቡም ትልቅ ትርጉም ነበረው። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚገልጸው መደበኛ ያልሆነውን ብቻ ነው። በእያንዳንዱ መኪና ላይ የሚገጠመውን ነገር ለሠራተኛው መንገር አያስፈልግም፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ አለመጻፍም መረጃ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀቱ የዚችው መኪና መሆኑን ማረጋገጥ ነበር፤ ምክንያቱም ወንበር ከመኪና ወደ መኪና ይዛወራል፣ ወረቀቱም አብሮት ይሄዳል። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር በሁለት ቦታ ይገኛል፤ አንዱ በፊት በኩል በሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ በተመታች የብረት ሰሌዳ ላይ፣ ሌላው ከኋላ መቀመጫ ሥር በወለሉ መካከለኛ ድልድይ ላይ ተቀርጾ። በዚህ መኪና አካሉና ወለሉ በብሎን የተያያዙ ሁለት ክፍሎች በመሆናቸው የአንዱን መኪና አካል በሌላው ወለል ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ገዥውም የጠረጠረው ይህንኑ ነው። በድልድዩ ላይ ያለው ቁጥር በቀለምና በአፈር ተሸፍኖ ነበር። መካኒኩ በሽቦ ብሩሽ ሊፍቀው ሲነሣ ተከለከለና በላምባና በጨርቅ ቀስ ብሎ ተለሰለሰ፤ ከዚያ ስስ ወረቀት በላዩ ተደርጎ በእርሳስ ሲታሽ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ወጣ። የተፋቀ የሻንሲ ቁጥር፣ ፍቀቱ በቅን ልቦና ቢደረግ እንኳ፣ ለመርማሪ ዓይን ሁሌም የተነካካ ቁጥር ነው። በወለሉ፣ በሰሌዳውና በወረቀቱ ላይ ያሉት ዘጠኙ አኃዞች አንድ ሆነው ተገኙ። ሙሉ ቁጥሩ እዚህ ያልተጻፈው ለሌላ መኪና እንዳይውል ነው፤ ለጥናቱ የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ማለትም 117፣ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ንባቡ ሊሳሳት ይችል ነበር። በወረቀቱ ራስጌ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር 113 ሲሆን ጀርመኖች አንድን ሲጽፉ ረጅም ሽቅብ መስመር ስለሚያክሉበት በመጀመሪያ 773 ተብሎ ተነበበ። ሰባትን ሲጽፉ ደግሞ ወገቡን በአግድም መስመር ስለሚቆርጡት፣ ያልተቆረጠው አኃዝ ሰባት ሊሆን አይችልም። 113 የሞዴሉ መለያ ነው፤ ለውጭ ገበያ ደረጃ የተሠራ፣ መሪው በግራ የሆነ፣ ጣሪያው የማይከፈት መኪና ማለት ነው። በዚህ የቁጥር ሥርዓት ጎዶሎው ግራ መሪ፣ ሙሉው ቀኝ መሪ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ቀኝ ጎን ጉዞ ስለተሻገረች ከዚያ በኋላ የገባ መኪና መሪው በግራ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ችግሩ በዚሁ ሥርዓት 117 የሚባልም ሞዴል መኖሩ ነው፤ እርሱ ጣሪያው የሚከፈተው ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በ117 ስለሚጀምር ባለቤትዋ መኪናዋ አንድ ጊዜ ክፍት ጣሪያ የነበራትና በኋላ በላሜራ የተዘጋች መስሏት ነበር፤ ባትላሜራውም የጣሪያውን ጨርቅ ለመግለጥ ተዘጋጅቶ ነበር። በሻንሲ ቁጥር ውስጥ ግን 117 አንድ ቁጥር አይደለም። ከኦገስት 1964 ጀምሮ በነበረው አጻጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች፣ 11፣ የመኪናውን ዓይነት፣ ሦስተኛው የሞዴል ዘመኑን መጨረሻ አኃዝ ያመለክታሉ። ስለዚህ 7 ማለት የ1967 ሞዴል ማለት ነው፤ ጣሪያውም ሳይነካ ቀረ።

የ1959 ነገር የተፈታው ከዚሁ አኃዝ ነው። ቮልስዋገን የሞዴል ዘመኑን የሚለውጠው ከፋብሪካው የበጋ ዕረፍት በኋላ፣ ኦገስት 1 ላይ ነበር። በዚህ መሠረት የ1967 ሞዴል የተሠራው ከኦገስት 1 ቀን 1966 እስከ ጁላይ 31 ቀን 1967 ባለው ጊዜ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 25 ቀን 1958 እስከ ሐምሌ 24 ቀን 1959 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከወረቀቱ ጥግ የተረፈው 67 ሲታከልበት ጊዜው ይበልጥ ይጠባል፤ መኪናዋ የተሠራችው ከታኅሣሥ 23 ቀን እስከ ሐምሌ 24 ቀን 1959 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አባትየው «የ59 ናት» ሲሉ የኖሩት እውነት ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱን ነው የተናገሩት። በምትኩ ሊብሬ ላይ ቁጥሩ ያለ ዓ.ም. እና ያለ እ.ኤ.አ. ተጻፈ፤ በቅጹም ላይ ያሉት ሌሎች ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተሞሉ ስለነበሩ ማንኛውም አንባቢ እንደ ፈረንጆቹ 1959 መቁጠሩ አይደንቅም። በአገራችን አሮጌ መኪና በሚሸጥበት ጊዜ ሁሉ ይህን ስምንት ዓመት መጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ከዝገትም ከቀለምም በፊት።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ያወያየው ሞተሩ ነው። ወረቀቱ ከመገኘቱ በፊት መካኒኩ የአራቱንም ሲሊንደሮች የመጭመቅ ኃይል ለክቶ በእጁ ካለው ሠንጠረዥ በእጅጉ ዝቅ ያለ ሆኖ ስላገኘው «አቦ፣ ይህ ሞተር ደክሟል፤ ሬቲፊካ ካልገባ የደንገጎን ዳገት አይወጣም» ብሎ ነበር፤ ሬቲፊካ የሚባለው ያረጀ ሞተር ተከፍቶ በማሽን የሚታደስበት ሥራ ነው። ሞተሩን አውርዶ፣ የአንዱን ወገን ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ፈትቶ፣ በሊብሬው መሠረት የ1300 ፒስተንና ሲሊንደር ከአዲስ አበባ ሊያዝ ተዘጋጅቶ ነበር። ሆኖም ከመነሻው አንድ የማይጣጣም ነገር ነበር። አራቱም ሲሊንደሮች የሰጡት ውጤት እኩል ለማለት ይቻላል። ያረጀ ሞተር እንዲህ አያረጅም፤ አንዱ ቀድሞ ይደክማል፣ ሌላው ይቆያል። ሰማያዊ ጭስም አልነበረም፣ ዘይትም አይበላም።

ወረቀቱ ስለሞተሩ በሁለት ቦታ ይናገራል። የመጀመሪያው የሞተር ቁጥሩ ሲሆን የሚጀምረው በላቲኑ ፊደል ኤል ነው። ሁለተኛው በልዩ ትእዛዞች ዝርዝር ውስጥ ያለው ኤም 240 ነው። በወረቀቱ ላይ ሌላ ኤል ደግሞ አለ፤ ኤል 620 የሚለው። መካኒኩ ሁለቱን ኤሎች አንድ አድርጎ 620 የሞተር ዓይነት ነው ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ከቁጥር በፊት በቀለም መስመር ላይ የሚመጣው ኤል የቀለም መለያ ሲሆን፣ 620 ሳቫና ቤዥ የሚባለው የዚያ ዘመን ቀለም ነው። መኪናዋ ዛሬ ሰማያዊ ናት፤ ከመጠባበቂያው ጎማ ኋላና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ግን ያልተነካው ቤዥ ቀለም ተገኝቷል።

በሞተር ቁጥር ላይ ፊደሉ የሞተሩን ዓይነት ይነግራል። በዚያ ዘመን ዲ 1200 ሲሲ፣ ኤፍ 1300 ሲሲ፣ ኤች 1500 ሲሲ ነው። ኤል የሚባለው ደግሞ ያው 1500 ሲሲ ሆኖ ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ለሚሸጥባቸው አገሮች የመጭመቂያ ምጣኔው ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገለት ነው፤ የ1300 ተመሳሳዩ በኢ ይጀምራል። መደበኛው 1500 ድብልቁን ሰባት ተኩል እጥፍ ይጨምቃል። በደካማ ቤንዚን ይህን ያህል ሲጨመቅ ድብልቁ ከጊዜው ቀድሞ ይነድና ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተኑም ይበላሻል። ፋብሪካው ለዚህ ያዘጋጀው መፍትሔ በኤም 240 የሚታዘዘው ሞተር ነው። ኤልና ኤም 240 በአንድ ወረቀት ላይ መገኘታቸው አንዱ ለሌላው ምስክር ሆነ። ቴስታታው የተፈታለት ሲሊንደር ውስጣዊ ስፋት ሲለካም 83 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የሁለቱም ሞተሮች የፒስተን ጉዞ 69 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ በስፋቱ ብቻ ነው፤ 83 ሚሊ ሜትር 1493 ሲሲ ይሰጣል፣ የ1300 የሆነው 77 ሚሊ ሜትር ግን 1285 ሲሲ። የታሰበው ፒስተን ቢመጣ ኖሮ ገንዘቡ በከንቱ በወጣ ነበር።

ሊብሬው ለምን 1300 እንዳለም ከዚህ ተነሥቶ መገመት ይቻላል፤ ግምቱም ለእኔ አሳማኝ ነው። መደበኛው 1500 ሞተር 44 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው መጭመቂያው ዝቅ ያለው ኤል ግን 40 ብቻ አለው። መደበኛው 1300ም 40 ነው። በኢንሹራንስ ውሉ ቅጂ ላይ የተጻፈው 40 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበርና፣ ምትኩን ሊብሬ ያዘጋጀው ሰው ከጉልበቱ ተነሥቶ ይዘቱን ሲፈልግ ያገኘው 1300ን ነው። የሞተር ቁጥሩም በ1 የጀመረበት ምክንያት በብረቱ ላይ ታየ። ቁጥሩ የሚቀረጸው በሞተሩ አካል ላይ፣ ከዲናሞው መቆሚያ በታች ነው፤ ቦታው ዘይትና አቧራ የሚጋገርበት ሲሆን የኤል አግድም እግር በዝገትና በቆሻሻ ተሞልቶ ቀጥ ያለው ግንድ ብቻ ይታይ ነበር። ሲጸዳ እግሩ ወጣ፤ የቀሩት አኃዞች ከወረቀቱ ጋር ተመሳሳይ ሆኑ። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችበትን ሞተር ይዛ ኖራለች ማለት ነው።

የመጭመቅ ኃይሉ ዝቅ ማለት ግን ሙሉ በሙሉ ለኤም 240 የሚሰጥ አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል ወደ 1200 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከ10 በመቶ በላይ ስለሚቀንስ መለኪያው የሚያነበውም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ሐረር ላይ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የመካኒኩ ሠንጠረዥ የተዘጋጀው ለመደበኛው ሞተርና ለዝቅተኛ ቦታ በመሆኑ ሁለት ቅነሳዎች በአንድ ላይ ተደርበው እንደ ድካም ታዩ። ሬቲፊካው ቀረ፤ ቫልቮቹ ተጠርገው፣ ጓርኒሲዮኑ (በክፍሎቹ መጋጠሚያ ላይ የሚገባው ማሸጊያ) ተለውጦ ሞተሩ ተመለሰ።

ወረቀቱ በሌላ በኩል ባለቤትዋ ያልወደደችውንም ነገር ተናግሯል። የፍጥነት መለኪያው በማይል ነው፤ እርሷም ይህን እንደ ልዩ ጌጥ ትቆጥረው ነበር። በማይል የሚለካ መለኪያ ከፋብሪካ ሲታዘዝ ኤም 20 ተብሎ ይጻፋል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። ሊጻፍ የሚገባው አለመጻፉ እዚህ ላይ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም፣ መለኪያው ሲፈታ በፊቱ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ያለው የአምራቹ የቀን ማኅተም እ.ኤ.አ. 1969 ሆኖ ተገኘ። መለኪያው ከመኪናዋ በኋላ የተሠራ ስለሆነ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ በላዩ ያለው የጉዞ ቁጥርም የዚች መኪና ታሪክ አይደለም። ለሽያጭ በተጻፈው ማስታወሻ ላይ «የተጓዘችው እውነተኛ ርቀት» የሚለው ሐረግ ተሰርዟል። የፊት መስታወቱም እንዲሁ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ኤም 89 ሲሰበር የማይበታተን ባለ ሁለት ንጣፍ መስታወት መታዘዙን ይገልጻል፤ የዚያ ዘመን ፋብሪካ መስታወት ከሆነ ሲግላ የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። አሁን ያለው ሴኩሪት የሚለው ተራው ጠንካራ መስታወት ነው፤ በአንድ ወቅት ተለውጧል።

የፊት ፍሬኑ ግን ከወረቀቱ ሊፈታ የሚችል አልነበረም። በአውሮፓ የተሸጠው የ1967 ሞዴል 1500 ቮልስ የፊት ፍሬኑ ዲስክ፣ ቸርኬውም በአራት ብሎን የሚታሰር ሲሆን፣ ይህች መኪና ከበሮ ፍሬንና አምስት ብሎን አላት። ገዥው ኋላ ተመልሶ ሲመጣ ይህን እንደ አዲስ ጥርጣሬ አነሣው። ነገር ግን ወደ አሜሪካ የተላከው ያው 1500 ከፋብሪካ የወጣው በከበሮ ፍሬን ስለነበር፣ ከበሮ መሆኑ ብቻውን የፊት አክስሉ መለወጡን አያሳይም። በሪፖርቱ ላይ ይህ ነጥብ ክፍት ሆኖ ተመዝግቧል፤ ገዥውም ተቀብሎታል።

የሊብሬ እርማት ማመልከቻ የተዘጋጀው ከነዚህ ሁሉ ውስጥ በብረት የተረጋገጡትን ብቻ ይዞ ነው። የሞተር ቁጥሩ የመጀመሪያ ምልክት ከ1 ወደ ኤል፣ ይዘቱ ከ1300 ወደ 1500 እንዲለወጥ፣ ዘመኑም «1959 ዓ.ም.» ተብሎ እንዲሟላ ተጠየቀ፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥሮች በእርሳስ የታሹባቸው ወረቀቶችና የሲሊንደሩ ልኬት አባሪ ሆኑ። የፋብሪካው ወረቀት ቅጂው ብቻ ተያይዟል፤ ማኅተምና ፊርማ የሌለው በመሆኑ መሥሪያ ቤቱ እንደ ደጋፊ እንጂ እንደ ዋና ማስረጃ እንደማይቀበለው ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። የሞተር ቁጥሩና ይዘቱ ከምርመራ በኋላ ታረሙ። ለሥሪት ዘመኑ ግን ከአምራቹ የመጣ ደብዳቤ ተጠይቋል። በቮልፍስቡርግ ከተማ የሚገኘው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም ተቋም በሻንሲ ቁጥር መሠረት ከፋብሪካው መዝገብ የተወሰደ የልደት ምስክር ወረቀት በክፍያ ስለሚሰጥ፣ ባለቤትዋ የቁጥሩን ፎቶግራፍና የታረመውን ሊብሬ አያይዛ ጥያቄዋን ልካለች። ገዥው ቀብዱን ከፍሏል፤ ቀሪውን ደብዳቤው ሲደርስ ሊከፍል ተዋውለዋል፤ በውሉም ላይ መለኪያው፣ የፊት መስታወቱና ቀለሙ ከፋብሪካ የወጡ እንዳልሆኑ በስም ተጠቅሷል።